የጨዋታው ቁልፍ በማን እጅ ነው?

አንባቢዬ ሆይ፤ የዛሬው ወጋችን ስለ ጨዋታ ነው። «ደግሞ ጨዋታ ምን ቁም ነገር ሆኖ ነው ዓምድ የሚሞላበት?» ብለህ ገጹን ከመግለጥህ በፊት ጥቂት ታገሠኝ። በእኛ አገር እንግዳ ሲመጣ ቡና ተፈልቶ፤ ቆሎ ቀርቦ፤ ሁሉም ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ ባለቤቱ «እስቲ ተጫወቱ» ይላል። ተጫወቱ ማለቱ ተነጋገሩ፤ በሆዳችሁ ያለውን አውጡ ማለቱ ነው። ቋንቋችን ጨዋታንና ቁም ነገርን በአንድ ቃል አስሮ የያዘው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ስለዚህ እኔም ዛሬ ላጫውትህ።

ነገሩ የተነሣው ፍኖተ ሰላም ከተማ ነው። በዚያ አንድ ወጣት ወዳጅ አለኝ። ቀን ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ይሠራል፤ ማታ ማታ ደግሞ የዲግሪ ትምህርቱን ይከታተላል። ከደመወዙ ላይ እየቆጠበ አንድ ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዝቶ በእናቱ ቤት ጓዳ አጠገብ አስቀምጧል። ለመመረቂያው የሚጽፈው ጥናት ስለ ቡሬ የበርበሬ ገበያ ነበር፤ ሦስት ወር ሙሉ በየገበያው ቀን እየተሳፈረ ወደ ቡሬ እየሄደ፤ ገበሬውንም ነጋዴውንም ደላላውንም እየጠየቀ የሰበሰበውን ሁሉ በዚያች ኮምፒዩተር ውስጥ አከማችቶ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ማታ ታዲያ ከጓደኛው በፍላሽ የእግር ኳስ ጨዋታ ተቀበለ። ጨዋታው የተገዛ አልነበረም፤ ቁልፉ የተሰበረ፤ በከተማው ቋንቋ «ክራክ የተደረገ» የሚባለው ነው። ከጨዋታው ጋር የመጣው ማስታወሻ «ከመጫንህ በፊት ጸረ ቫይረሱን አጥፋ» ይላል። እርሱም አጠፋ። እስከ እኩለ ሌሊት ተጫወተ፤ አገባ፤ ገባበት፤ ደስ ብሎት ተኛ። በማግሥቱ ጥናቱን ለመቀጠል ቢከፍት አንዱም ፋይል አልከፈት አለው። በእያንዳንዱ ስም ጫፍ የማይታወቅ ጭራ ተቀጥሎበታል፤ በመካከሉም በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ተቀምጧል። ደብዳቤው ፋይሎችህን ቆልፌያቸዋለሁና መክፈቻውን ከፈለግህ 980 ዶላር ክፈል፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ከከፈልህ ግን በግማሽ፤ በ490 ዶላር እለቅልሃለሁ የሚል ነበር።

ይህን ያለው ወንበዴ እዚያው ፍኖተ ሰላም የተወለደ እንዳይመስልህ። «ስቶፕ» በሚባል ስም የሚታወቅ የቫይረስ ዘር አለ፤ ቁልፋቸው በተሰበረ ጨዋታዎችና ፕሮግራሞች ላይ እየተሳፈረ ዓለምን ሲዞር የኖረ፤ የሚጠይቀውም ዋጋ ይኸው ነው። ለአንድ ጀማሪ ጸሐፊ 490 ዶላር የስንት ወር እንጀራ እንደሆነ አንተው አስላው።

ወዳጄን ያዳነው አንድ ነገር ብቻ ነው። መምህሩ በቀይ ቀለም ያረሙለት የጥናቱ የወረቀት ግልባጭ ከመደርደሪያ ላይ ተገኘ። ያንን እያየ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እንደገና ጻፈው። ከዚያ በኋላ ቡሬ ካለው የዩኒቨርሲቲ ካምፓስ የሚማር አንድ የሰፈሩ ልጅ መጥቶ ኮምፒዩተሩን ሙሉ በሙሉ ፎርማት አደረገና «ሊኑክስ» የሚባለውን ሥርዓት ጫነለት።

እኔ የደረስሁት በዚህን ጊዜ ነው። እናቱ ቡና እያቀረቡ «እስቲ አንቱ፤ ይህን ልጅ ምከሩልኝ። ድሮ እዚያ ሣጥን ፊት ተተክሎ ያመሽ ነበር፤ አሁን ደግሞ ጨዋታው ቀረብኝ ብሎ ይተክዛል» አሉኝ። ልጁም ሣቅ ብሎ «ጋሼ፤ ሊኑክስ ለሥራ ነው እንጂ ለጨዋታ አይሆንም ይላሉ። እውነት ነው?» አለኝ። እኔም መልሱን በዚህ ዓምድ እንድሰጠው ቃል ገባሁ፤ ምክንያቱም ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው እርሱ ብቻ እንዳልሆነ ዐውቃለሁ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በእኛው አቈጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ሊኑክስ ምን እንደሆነ እንረዳ። ኮምፒዩተር የሚሠራው በውስጡ አንድ አዛዥ ሥርዓት ሲኖር ነው። ይህ ሥርዓት እንደ ጥንቱ የግብር ቤት አጋፋሪ ነው፤ ማን እንደሚገባ፤ ማን የት እንደሚቀመጥ፤ ማን ምን እንደሚቀርብለት የሚያዝዝ እርሱ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው አጋፋሪ «ዊንዶውስ» ነው። የዊንዶውስ የአሠራሩ ጽሑፍ የአንድ ኩባንያ ምሥጢር ነው፤ ከፍተህ ልታየውም ልትለውጠውም አትችልም። የሊኑክስ ጽሑፍ ግን ክፍት ነው። ማንም ሰው ሊገለገልበት፤ ሊያነበው፤ ሊያርመውና ለጎረቤቱ ሊያካፍለው በሕግ ተፈቅዶለታል። ምንጩ ክፍት የሆነ የሚባለውም ስለዚህ ነው።

ይህ አሳብ ባዕድ ከመሰለህ ወደ ምዕራብ ጎጃም ገጠር ውረድና እረኞች ከዛፍ ጥላ ሥር ገበጣ ሲጫወቱ ተመልከት። መሬቱን ይቆፍራሉ፤ ጠጠር ይለቅማሉ፤ ጨዋታው ተጀመረ። ሕጉን ማን ጻፈው? ማንም አያውቅም። ከወንዙ ማዶ ያሉት እረኞች ጠጠሩን በሌላ አኳኋን ቢዘሩት ማንም አይከሳቸውም። ሪቻርድ ፓንክረስት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙትን የገበጣ ዐይነቶች መርምረው ጥናታቸውን እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጡ ጊዜ የዘረዘሯቸው አጨዋወቶች ከመቶ በላይ ነበሩ። አንባቢዬ፤ ገበጣ ባለቤት ቢኖረውና ሕጉ በካዝና ተቆልፎ ቢቀመጥ ኖሮ እነዚያ ሁሉ ዐይነቶች ከየት ይወለዱ ነበር? እንግዲህ ሊኑክስ ማለት በገበጣ ሕግ የሚተዳደር ኮምፒዩተር ማለት ነው።

ደግሞም ይህ ሥርዓት ከጨዋታ ጋር ያለው ዝምድና የዛሬ አይደለም። የሊኑክስ አባት የሚባለው «ዩኒክስ» የተወለደው በከፊል በጨዋታ ምክንያት ነው። በ1961 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በቤል ላብራቶሪ ይሠራ የነበረው ኬን ቶምሰን ጠፈርተኛ በፕላኔቶች መካከል መርከቡን የሚነዳበት አንድ ጨዋታ ጽፎ ነበር። ነገር ግን በትልቁ ኮምፒዩተር ላይ አንድ ጊዜ መጫወት የሚያስከፍለው ሒሳብ 75 ዶላር ያህል ሆነበት። ስለዚህ ማንም እምብዛም የማይጠቀምበት አንድ አነስተኛ ኮምፒዩተር ፈልጎ ጨዋታውን ወደዚያ አዛወረ፤ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ሲሠራ ሲሠራ የዩኒክስን መሠረት ጣለ። ስለዚህ «ጨዋታ ሥራ ያስፈታል» የሚል አለቃ ቢገጥምህ ይህን ታሪክ ንገረው፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ከሆነ ግን ነው!

ከዚያም በ1976 ዓ.ም. መስከረም ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ ዩኒክስን የሚመስል ነገር ግን ለሁሉ ነፃ የሆነ ሥርዓት እሠራለሁ ብሎ ተነሣ። በ1983 ዓ.ም. ነሐሴ ደግሞ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረ ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት ተማሪ ለትርፍ ጊዜው መደሰቻ ያህል አንድ ሥርዓት እየሠራሁ ነው፤ ትልቅ ነገር አይሆንም ብሎ ለዓለም አስታወቀ። ያ ትልቅ አይሆንም የተባለው ዛሬ ሊኑክስ የምንለው ነው። በኪስህ ያለው ስልክ አንድሮይድ ከሆነ ፍሬው ሊኑክስ ነውና አንተም ሳታውቀው የሊኑክስ ተጠቃሚ ነህ።

አሁን ወደ ወዳጄ ጥያቄ እንመለስ። ሊኑክስ ለጨዋታ ይሆናል ወይስ አይሆንም? መልሱን በሦስት ከፍዬ እነግርሃለሁ።

አንደኛ፤ ከመጀመሪያው ለሊኑክስ የተሠሩና እንደ ሊኑክስ ሁሉ ነፃ የሆኑ ጨዋታዎች አሉ። «ፍሪሲቭ» የሚባለውን ውሰድ፤ ከጥቂት ሰፋሪዎች ተነሥተህ ከተማ የምትቆረቁርበት፤ እርሻ የምታለማበት፤ መንግሥት የምታቆምበት ጨዋታ ነው። እርሱን በ1988 ዓ.ም. ኅዳር የጀመሩት በዴንማርክ አገር በኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ይማሩ የነበሩ ሦስት ተማሪዎች ናቸው። «የዌስኖት ጦርነት» የሚባለው ደግሞ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረ የስልት ጨዋታ ነው፤ በተራ የሚኬድ ስለሆነ ሰንጠረዥ የሚወድ ሰው ይወደዋል። እሽቅድምድም ለሚሻ «ሱፐርታክስካርት» አለ። «ዜሮ ኤዲ» የተባለው የጥንት መንግሥታትን የሚያሳይ ጨዋታ በ2010 ዓ.ም. ግንቦት በወጣው እትሙ የኩሽን መንግሥት ጨምሯል፤ የዓባይ ልጅ የሆነ ጎጃሜ ከዓባይ በታች በኩል ያሉትን የመርዌን ፒራሚዶች በጨዋታ ውስጥ ቢያይ ደስ የሚለው ይመስለኛል። ለታናናሾችህም «ጂኮምፕሪ» የሚባል አለ፤ ከ2 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች ፊደልና ቍጥር በጨዋታ የሚያስተምር ነው። ለእነዚህ ሁሉ አምስት ሳንቲም አትከፍልም፤ ቁልፍም አትሰብርም፤ ምክንያቱም ከመጀመሪያው አልተቆለፉም።

ሁለተኛ፤ ለዊንዶውስ ብቻ ተብለው የተሠሩ ጨዋታዎች አሉ። ለእነዚህ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ከቡሬ ተነሥቶ ወደ ነቀምት የሚወስደውን መንገድ የያዘ ነጋዴ ዓባይን ሲሻገር ኦሮምኛ የማያውቅ ከሆነ ምን ያደርጋል? ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። «ዋይን» የሚባለው ፕሮግራም ሥራው ይኸው ነው፤ ጨዋታው በዊንዶውስ ቋንቋ «መስኮት ክፈት፤ ድምፅ አሰማ» ሲል እርሱ ቃሉን ወደ ሊኑክስ ቋንቋ ይመልሰዋል። ዋይን የተጀመረው በ1985 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያው የተሟላ እትም የወጣው ግን በ2000 ዓ.ም. ሰኔ ነው። 15 ዓመት ሙሉ በትዕግሥት የተሠራ ሥራ ነውና ፈጣሪዎቹ ሊመሰገኑ ይገባቸዋል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በኋላ ነው። «ስቲም» የሚባለውን የጨዋታ መደብር የሚያስተዳድረው ቫልቭ የተባለው ኩባንያ በ2005 ዓ.ም. የካቲት መደብሩን ለሊኑክስ ከፈተ። በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ደግሞ በዋይን ላይ የተመሠረተ «ፕሮቶን» የሚባል አስተርጓሚ አወጣ። በ2014 ዓ.ም. የካቲትም በእጅ የሚያዝ የጨዋታ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ፤ የውስጡ ሥርዓት ሊኑክስ ነው። ከዚያ ወዲህ ለዊንዶውስ የተሠሩ እጅግ ብዙ ጨዋታዎች ያለ ችግር በሊኑክስ ይሄዳሉ። እንግዲህ «ሊኑክስ ለጨዋታ አይሆንም» የሚለው አባባል በአንድ ወቅት እውነት ነበረ፤ ዛሬ ግን ያረጀ ወሬ ነው።

ሦስተኛ፤ መቼም እውነቱን መሸሸግ አይገባምና ይህንንም ልንገርህ። በሊኑክስ የማይሄዱ ጨዋታዎች አሉ፤ ከእነዚህም መካከል የእኛ ወጣቶች አብዝተው የሚወዷቸው ይገኙባቸዋል። በኢንተርኔት ከሌላ ሰው ጋር የሚገጠምባቸው ጨዋታዎች አጭበርባሪን የሚይዝ ዘበኛ አላቸው፤ አንዳንዱ ዘበኛ በሊኑክስ ቤት አልቆምም ይላል። የኤሌክትሮኒክ አርትስ የቅርብ ዓመታት የእግር ኳስ ጨዋታዎች እንዲህ ናቸው። «ፎርትናይት»ና «ቫሎራንት»ም እንደዚሁ። «ጂቲኤ 5» ብቻህን የምትጫወተው ታሪኩ ይሠራል፤ በኢንተርኔት የሚገጠሙበት ክፍሉ ግን ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ለሊኑክስ ተዘግቷል። ልብ በል፤ የተዘጋው ሊኑክስ ስላቃተው አይደለም፤ ባለቤቱ ስላልፈቀደ ነው። ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ሲሆን በሩ የሚከፈተውም የሚዘጋውም በሌላ ሰው ፈቃድ ነው።

ይህ የቁልፍ ነገር ለእኛ ተራ ነገር አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት መቆየቱን የምዕራብ ጎጃም ሰው አይረሳውም። በዚያን ጊዜ ከባድ ከባድ ነገር የደረሰበት ሰው ስላለ ስለ ጨዋታ ማንሣት ያሳፍራል። ነገር ግን የጨዋታው ነገር ስለ ሌላውም ያስተምረናል። በየጊዜው ወደ ባለቤቱ ደውሎ «ልከፈት ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ፕሮግራም መስመር ሲቋረጥ ይሞታል። በእጅህ ያለ፤ ማንንም የማይጠይቅ ፕሮግራም ግን መብራት እስካለ ድረስ ይሠራል። ዌስኖትን ሁለት ሰዎች በአንድ ኮምፒዩተር በተራ ሊጫወቱት ይችላሉ፤ ፍሪሲቭንም በአንድ ቤት ያሉ ኮምፒዩተሮች በሽቦ ተያይዘው ይጫወቱታል፤ ከፍኖተ ሰላም ውጭ አንዲት ቃል መላክ አያስፈልግም።

አሁን ደግሞ ገንዘብህን የሚመለከት ነገር ልንገርህ። ማይክሮሶፍት ለ«ዊንዶውስ 10» ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ጥገና በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት 4 ቀን አቁሟል፤ ከዚያ በኋላ የሰጠው ለተወሰነ ጊዜ የሚቆይ ማራዘሚያ ነው። አዲሱ «ዊንዶውስ 11» ደግሞ ዕድሜው የገፋ ኮምፒዩተርን በደንቡ መሠረት አይቀበልም። ታዲያ በየመሥሪያ ቤቱና በየቤቱ ያለው ያገለገለ ኮምፒዩተር ምን ይሁን? ይጣል? «ሊኑክስ ሚንት» የሚባለው የሊኑክስ ዐይነት 2 ጊጋ ባይት ማስታወሻ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ይነሣል፤ 4 ካለህ ይመችሃል። መጠኑም 3 ጊጋ ባይት ያህል ስለሆነ በአንድ ትንሽ ፍላሽ ይያዛል። ደግሞም ሳትጭነው ከፍላሹ ላይ አስነሥተህ ልትሞክረው ትችላለህ፤ ካልወደድኸው ፍላሹን ነቅለህ ወደ ቀድሞው ትመለሳለህ። ሙሽራን ሳያዩ ማግባት ድሮ ቀረ!

ብትወስን ግን ሦስት ምክር ስማኝ። መጀመሪያ፤ ከምንም ነገር በፊት ጽሑፎችህን በሌላ ቦታ ገልብጥ፤ ወዳጄን ያዳነው የወረቀት ግልባጭ እንደሆነ አትርሳ። ሁለተኛ፤ ጨዋታ ስትፈልግ ከማንም ፍላሽ ሳይሆን ከሊኑክሱ የራሱ ማከማቻ አውርድ። ይህ ማከማቻ እንደ ጎተራ ነው፤ ኀላፊነት ያለባቸው ሰዎች እህሉን አበጥረው፤ በፊርማቸው አትመው ያስገቡበታል። ሊኑክስ ቫይረስ ፈጽሞ አይነካውም ብዬ ግን አልዋሽህም፤ ከማይታወቅ ቦታ ያመጣኸውን ሁሉ ብትጭን በማንኛውም ሥርዓት ትጠቃለህ። ሦስተኛ፤ ከኮምፒዩተርህ አቅም በላይ አትመኝ። ፕሮቶን የሚሻው «ቩልካን» የሚባለውን የሥዕል አሠራር የሚያውቅ ማሽን ነው፤ ከ10 ዓመት በላይ የቆየ ብዙ ኮምፒዩተር ይህ ይጎድለዋል ወይም ይደክመዋል። ለእንዲህ ያለው ማሽን ዌስኖትና ፍሪሲቭ ይበቁታል። በሬው ሲደክም ማሳውን ማሳነስ እንጂ በሬውን መደብደብ አይጠቅምም።

ምናልባት «ይህ ሁሉ ለፈረንጅ ልጅ ነው፤ የእኛ ልጅ እንዲህ ያለውን ከየት ያውቀዋል?» ትለኝ ይሆናል። ይህን እንዳትል ሁለት የአገራችንን ታሪክ ልንገርህ። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ በሚለው ዓለም አቀፍ ዕቅድ ወደ 5,000 ገደማ የሚሆኑ ትናንሽ አረንጓዴና ነጭ ኮምፒዩተሮች ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ተሰጥተው ነበር፤ የውስጣቸው ሥርዓት ሊኑክስ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ያው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልነበራቸው ሁለት መንደሮች ልጆች አንድሮይድ ያለባቸውን ታብሌቶች በየሣጥናቸው እንደ ታሸጉ ያለ አስተማሪ ትቶላቸው ሄደ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገረው ማብሪያ ማጥፊያ አይተው የማያውቁት ልጆች በደቂቃዎች ውስጥ ማብሪያውን አገኙት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የእንግሊዝኛን ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ነበር፤ በአምስት ወር ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ አስከፈቱት። ታብሌቱ ትምህርት ቤትን ይተካል ብዬ አልነግርህም፤ አስተማሪ የሌለው ልጅ አስተማሪ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ልጅ የሚጫወትበትን ነገር ከፍቶ ለማየት ያለውን ጉጉት ይህ ታሪክ ያሳያል። የጎጃም እረኛ ልጅም ከዚያ የተለየ አይደለም።

እንግዲህ አንተ ተማሪ፤ አንቺም እኅቴ፤ ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የተቆለፈ ጨዋታ የሚሰጥህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጫወት። ክፍት የሆነው ግን መሥራትንም ይሰጥሃል። የዌስኖት ወይም የጂኮምፕሪ ቃላት በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ተዘርዝረው ይገኛሉ፤ በግራ እንግሊዝኛው፤ በቀኝ የሚተረጎምበት ባዶ ቦታ እንደ ማለት ነው። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደል መዝገብ፤ በ«ዩኒኮድ»፤ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ተመዝግቧል፤ ሊኑክስም አማርኛ መጻፊያ አለው። ታዲያ አማርኛውን የሚሞላው ማን ነው? የፊንላንድ ሰው ነው? ሰነድ ሲተረጉም የሚውል አንድ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ምሽት ሃያ ሃያ ቃል ቢተረጉም የታናሽ ወንድሙን ጨዋታ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሊያደርግለት ይችላል። ከዚያም አልፎ ገበጣን ራሱን፤ በእናንተ ቀበሌ ሕግ እንደሚጫወቱት አድርጎ መሥራት ይቻላል። አዲስ አበባ ያለው «ቅኔ ጌምስ» የሚባል ድርጅት «ኩኩሉ» በሚል ስም የዶሮ ሩጫ ያለበትን ጨዋታ ለስልክ ሠርቶ አሳይቷል። የዴንማርኮቹም ተማሪዎች ሦስት ብቻ ነበሩ።

የሚቃወሙኝ ሰዎች እንዳሉ ዐውቃለሁ። አንዱ «ክራክ ያልተደረገ ጨዋታ በእኛ ደመወዝ ማን ይገዛል?» ይለኛል። እውነት ነው፤ ዋጋው ከባድ ነው። ነገር ግን ወዳጄ በነፃ አገኘሁት ያለው ጨዋታ የሦስት ወር ድካሙን ሊያስከፍለው ምንም አልቀረውም ነበር። በነፃ የተሰጠና በነፃ የተሰረቀ አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያውን ሰጪው መርቆ ይሰጥሃል፤ የሁለተኛው ሰጪ ማን እንደሆነ እንኳ አታውቅም። ሌላው ደግሞ «ጨዋታ ጊዜ ይበላል» ይለኛል። ይህም እውነት ነው። ሊኑክስ ከቫይረስ ቢጠብቅህም ከስንፍና አይጠብቅህም። ፍሪሲቭ «አንድ ተራ ብቻ» እያሰኘ ሌሊቱን የሚያነጋ ጨዋታ ነው። ሰዓት ወስነህ ተጫወት፤ የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒዩተርም ለመሥሪያ ቤቱ ተውለት። ባለጉዳይ በበር ቆሞ ሳለ በመንግሥት ወንበር ላይ መጫወት በሊኑክስም ሆነ በዊንዶውስ ነውር ነው።

ወዳጄ ጥናቱን አስረክቧል፤ መምህሩም ተቀብለውታል። ባለፈው ሰሞን ሲደውልልኝ «ጋሼ፤ እግር ኳሱን ግን ይናፍቀኛል» አለኝ። አልደበቀኝምና ደስ አለኝ። እግር ኳሱ ሲያሰኘው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ጌም ቤት ከፍሎ ይጫወታል፤ ቤቱ ሲሆን ግን ታናሽ እኅቱን ከጎኑ አስቀምጦ በተራ በተራ ዌስኖትን ይገጥማታል። ታሸንፈዋለች አሉ። እናቱም «እዚያ ሣጥን ፊት ተተክሎ» ማለታቸውን አልተዉም፤ ልዩነቱ አሁን የሚሉት ለሁለት ልጆች መሆኑ ነው።

አንባቢዬ ሆይ፤ አንተም የምትጫወተውን ጨዋታ አንድ ጊዜ ገታ አድርገህ ጠይቅ። የገባህበት ቤት ቁልፍ በማን እጅ ነው? በእጅህ ከሆነ ደስ ብሎህ ተጫወት። በሌላ ሰው እጅ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ ቢያንስ ይህን እያወቅህ ግባ፤ ከመግባትህም በፊት የደከምህበትን ጽሑፍ በሌላ ቦታ ገልብጥ።

ሳምንት በሌላ ወግ እስክንገናኝ ደኅና ሰንብት።